ጭስ፣ ኖራና መስተዋት፤ በአንኮበር የቤት ውስጥ ብርሃን ታሪክ

አንኮበር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ከ10 ዲግሪ በታች የምትገኝ አገር ስለ ሆነች የመዓልትና የሌሊት መጠን ዓመቱን ሙሉ እምብዛም አይለዋወጥባትም፤ ረጅሙ ቀን አጭሩን ቀን የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። በስቶክሆልም ግን የታኅሣሥ ቀን ስድስት ሰዓት ያህል ሲሆን፣ በኖርዌይ ሰሜናዊ ዳርቻ ባለችው በትሮምሶ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጀመሪያ ፀሐይ ከአድማስ በላይ ብቅ አትልም። ስለዚህ የጨለማን ጉዳት የሚመለከተው ነገር ሁሉ የሰሜን ሕዝቦች ጉዳይ እንጂ የእኛ አይደለም ብሎ የሚያስብ አንባቢ ቢኖር አያስደንቅም።

ይሁን እንጂ በአንኮበር አናት ላይ አንድ ክረምት ያሳለፈ ሰው፣ ጨለማ የሚመጣው በፀሐይ መራቅ ብቻ አለመሆኑን ያውቃል። ከአፋር ቆላ የሚነሣው እርጥብ አየር በገደሉ ሽቅብ ሲወጣ እየቀዘቀዘ ጉም ይሆናል፤ ጉሙም ከሰኔ ጀምሮ ኮረብታውንና ከተማውን ሸፍኖ ሲውል፣ በሜዳ ላይ ያለው ሰው የጎረቤቱን አጥር እንኳ ለይቶ አያይም፤ ብርዱም ጠንቶ ሁሉን ሰው ወደ ቤት ይከታል። የአገሩም ጨለማ ከዚያው ከቤቱ ውስጥ ይጀምራል። የአንኮበር ሰው ከዚህ ጨለማ እንዴት እንደ ወጣ፣ አንዱ የምኒልክን የኤሌክትሪክ መብራት፣ ሌላው የአያቱን ኩራዝ፣ ሦስተኛው የትምህርት ቤቱን ኖራ እያነሣ በቁራጭ በቁራጭ ይተርከዋል እንጂ በአንድነት ተያይዞ ሲነገር ብዙ አይሰማም።

ትረካውን ከመጀመራችን አስቀድሞ አንድ የተፈጥሮ ሕግ ማስታወስ ያስፈልጋል። የብርሃን መጠን ሉክስ በሚባል መለኪያ ሲሰፈር፣ በጠራ ሰማይ የቀትር ፀሐይ ወደ 100000 ሉክስ፣ ደመና የከደነው ቀን ወደ 10000 ሉክስ ሲሰጥ፣ አንዲት ሻማ በአንድ ሜትር ርቀት የምትሰጠው ግን 1 ሉክስ ብቻ ነው። ይህን ጥቂት ብርሃን የሚያበዛው ወይም የሚያጠፋው ደግሞ ግድግዳ ነው፤ በኖራ የተቀባ ግድግዳ ካረፈበት ብርሃን ከመቶ 80 ያህሉን መልሶ ወደ ክፍሉ ሲልክ፣ ጥቀርሻ የለበሰ ግድግዳ ግን ከመቶ 5 ያህሉን እንኳ ለመመለስ ይቸገራል። እንግዲህ የቤት ብርሃን ታሪክ የመብራት ታሪክ ብቻ ሳይሆን የግድግዳም ታሪክ ነው፤ ይህን ያልተረዳ ሰው የአንኮበርን ነገር በግማሽ ብቻ ያያል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በእኛ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው፤ የውጭ አገሩን ነገር ስናነሣ ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን እናመለክታለን።

ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስከ 1800 ዓ.ም፤ ሙቀት ብርሃንን የዋጠበት ዘመን

በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በዚህ ደጋ ሳሉ በሌሊት ሰማይ ላይ ታላቅ ብርሃን ታየ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ነገሩን ከእግዚአብሔር የመጣ ምልክት አድርገው ተቀብለው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ከተማቸውንም በዚያው ቆረቆሩ፤ ይህችውም ከአንኮበር በስተ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደብረ ብርሃን ናት። የሰማዩ ብርሃን እንዲህ ሲከበር፣ በምድር ያለው የባላገሩ ቤት ግን ለብዙ መቶ ዓመታት መስኮት የሚባል ነገር አልነበረውም።

ይህ የሆነው ከድንቁርና እንዳልሆነ አጥብቄ መናገር እወዳለሁ። የሰሜን ሸዋ ደጋ ሰው ቤቱን በድንጋይ ወይም በእንጨትና በጭቃ ሲሠራ፣ ጣራውን በሣር ሲከድን፣ በሩንም ጎንበስ ብሎ እንዲገባበት አድርጎ ሲያጠብብ፣ ስሌቱ አንድ ነበር፤ ከ2500 እስከ 3000 ሜትር ከፍታ ላይ ሌሊት ሌሊት ውርጭ በሚወርድበት አገር ማገዶው የሰጠውን ሙቀት ላለማስወጣት ቀዳዳ ሁሉ መደፈን ነበረበት። ጥጃውና በጉ ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ያድሩ የነበረውም እስትንፋሳቸው ቤቱን ስለሚያሞቅ ጭምር ነው። ምድጃው በቤቱ መካከል ይነዳል፤ ጭሱ የሚወጣበት የተለየ ቀዳዳ ስለሌለው በክዳኑ ሣር መካከል እየሰረገ ይወጣል፤ በመንገዱም ማገሩን፣ ምሰሶውንና ግድግዳውን በጥቀርሻ ይለብጣል። ጥቀርሻውም ጥቅም ነበረው፤ እንጨቱን ከነቀዝና ከምስጥ ይጠብቃልና ባለቤቱ ሊያራግፈው አይቸኩልም ነበር።

ነገር ግን ዋጋው ከባድ ነበር። በሩ ሲዘጋ ቤቱ በቀትር ይጨልማል፤ በሩ ሲከፈት ብርሃኑ ደፍ ላይ ወድቆ ሁለትና ሦስት ክንድ ያህል ከገባ በኋላ በጥቁሩ ግድግዳ ይዋጣል። ስለዚህ የቤቲቱ እመቤት እህል የምትለቅመውም፣ ጥጥ የምትፈትለውም በሩ አጠገብ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን ለጭሱ ሰጥታ ነበር። ጉም በሆነ ጊዜ በሩ ስለሚዘጋ ሥራው ሁሉ በእሳት ብርሃን ይሠራል፤ ዓይን በጭስ ይቀላል፣ ያነባል፣ ሳሉ አያባራም። ሌሊት ደግሞ ከምድጃው ሌላ ያለው መብራት ጭራሮ ነበር። ሰም በማር በበለጸገው በዚህ አገር አይጠፋም ነበር፤ ግን ከሰሙ የሚሠራው ጧፍ በመጀመሪያ የቤተ ክርስቲያን፣ ቀጥሎም የመኳንንቱ እልፍኝ ድርሻ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ነገር ልዩ ነበረች። ሥዕል ያለበት የመቅደስ ግድግዳ በቀይ፣ በቢጫና በሰማያዊ ደምቆ፣ በማኅሌት ሌሊት በጧፉ ብርሃን ሲታይ፣ ሳምንቱን ሙሉ በጥቁር ግድግዳ መካከል ለሰነበተው ምእመን ዓይኑ የሚያርፍበት ሌላ ዓለም ነበር። የክረምቱ ጽልመት ሊገፈፍ ሲቃረብም በቡሄ ዋዜማ በየደጁ ችቦ ይበራ ነበር፤ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ሴቶች ግድግዳውንና መደቡን በእበትና በነጭ አፈር ይለቀልቁ ነበር። የሥርዓቱ ምክንያት ሃይማኖታዊና ልማዳዊ ቢሆንም፣ ከክረምት በኋላ ነጭ ግድግዳ ማየት ለልብ ምን ያህል እንደሚበጅ እነዚያ እናቶች ማንም ሳይነግራቸው ያውቁ እንደ ነበር አልጠራጠርም። ችግሩ ጥቀርሻው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተመልሶ መምጣቱ ነበር።

ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም፤ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከተማ

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሸዋው መስፍን አምኃ ኢየሱስ አንኮበርን ይዘው መቀመጫቸው ካደረጓት በኋላ ከተማዋ ከፍ ያለችው በልጅ ልጃቸው ልጅ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ነው። ከታጁራ የሚመጣው ቅፍለት በረሃውን አቋርጦ ከገደሉ ሥር በአልዩ አምባ ገበያ ይሰፍር ስለ ነበር፣ የባሕር ማዶ ዕቃ ወደ ሸዋ የሚገባው በዚህች በር በኩል ነበር።

በ1833 ዓ.ም. ክረምት፣ ጉሙ በበረታበት ወራት፣ በሻምበልነት ማዕረግ ከሕንድ የተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ዊልያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ ከነጓዶቹ ደረሰ፤ ከእሱም ጋር ዮሐን ማርቲን በርናትስ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ ነበረ። የመልእክተኞቹ ሰዎች ለንጉሡ በአውሮፓ ስልት አዳራሽ እንዳቆሙላቸው ሐሪስ በጻፈው መጽሐፍ ተርኳል። ንጉሡ ለአዲስ ዕቃና ለእጅ ጥበብ የነበራቸው ፍቅር በዘመኑ ተጓዦች ሁሉ የተመሰከረ ስለ ሆነ ይህ አያስገርምም። ለእኛ ነገር የሚጠቅመው ግን የንጉሥ አዳራሽ አንድ ሆኖ መቅረቱ ነው፤ የመስኮት መስተዋት በግመልና በበቅሎ ጀርባ ያንን በረሃና ያንን ገደል ሳይሰበር ማለፍ እጅግ ከባድ ስለ ነበር፣ በበሩ ብርሃን የሚኖረው ሕዝብ ከአዳራሹ የሚወስደው ነገር አልነበረም።

ከ1857 እስከ 1909 ዓ.ም፤ መብራት የመጣበት፣ አንኮበርም የተተወችበት ዘመን

በ1836 ዓ.ም. በአንጎለላ የተወለዱት ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው የአባታቸውን ዙፋን በያዙ ጊዜ አንኮበር እንደ ገና የታላቅ መንግሥት መናገሻ ሆነች። በ1860ዎቹ መጨረሻ ማርኬዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ የሚመራው የኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበር ቡድን በአቅራቢያዋ በልጥ ማረፊያ ሰፈረ፤ በ1871 ዓ.ም. ደግሞ ወጣቱ የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእጅ ባለሙያዎች ጋር አንኮበር ደረሰ። የሸዋ ቤተ መንግሥት ለአዲስ ሥነ ሕንፃ የተከፈተው በእነዚህ ዓመታት ነው ማለት ይቻላል፤ በኮረብታው ላይ ያለው የግንብ ፍርስራሽ ዛሬም ለጎብኚ ይታያል።

ነገር ግን ዕድል ፊቷን አዞረች። ምኒልክ ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም በ1879 ዓ.ም. ወደ ተቆረቆረችው አዲስ አበባ ሲሄዱ፣ መኳንንቱም ሠራዊቱም ተከተሏቸው። በ1890 ዓ.ም. አካባቢ የኤሌክትሪክ መብራት በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ሲበራ አንኮበር በጭራሮና በጧፍ ላይ ነበረች። ከጅቡቲ የተነሣው ምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ ደግሞ የአልዩ አምባ ቅፍለት መንገድ ዋጋው ወደቀ። ያው ባቡር፣ በግመል ለማምጣት ያስቸግር የነበረውን መስተዋት፣ ቆርቆሮና የመብራት ጋዝ በብዛት ወደ ሸዋ አስገባ፤ ያው ባቡር የአንኮበርን ገበያ ወሰደ። ከዚህ የበለጠ የሚያሳዝን ግጥምጥሞሽ በዚህች ከተማ ታሪክ ውስጥ አላገኘሁም፤ ለቤቷ ብርሃን የሚሆነው ዕቃ በመጣበት ጊዜ ዕቃውን የሚገዛው ገንዘብ ከእጅዋ ወጣ።

ለድኻው የደረሰው ጋዙና ባዶ ቆርቆሮው ነበር። ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ጣሳውን በሚገባ ቆርጦ፣ በአናቱ ቀዳዳ አበጅቶ፣ የጥጥ ክር ሰክቶ ኩራዝ አደረገው። ኩራዝ ከጭራሮ ይሻላል፤ በአንድ ቦታ ጸንቶ ይነዳል፣ ልጅም ይይዘዋል፣ በአጠገቡም ፊደል ይነበባል። ነገር ግን መስተዋት ስለሌለው ነበልባሉ ይጨሳል፤ ያነበበት ሰው ጧት ሲነሣ አፍንጫው ጠቁሮ ያገኘዋል፣ ግድግዳውም አዲስ ጥቀርሻ ይጨመርበታል። መስተዋት ያለው ፋኖስ የነጋዴው፣ የካህኑና የሹሙ ቤት ምልክት ሆኖ ብዙ ዘመን ቆየ።

በዚያው ዘመን የሰሜን ሰዎችም ከጨለማቸው ጋር መታገል ጀምረው ነበር። በፋሮ ደሴቶች የተወለደው ሐኪም ኒልስ ፊንሰን የቆዳ ቲቢን በብርሃን በማከሙ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1903 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ስዊድናዊው ሠዓሊ ካርል ላርሰን ደግሞ በዚያው አቆጣጠር በ1899 ባሳተመው መጽሐፍ በሥዕል ያሳየው የገዛ ቤቱ፣ በነጭ ግድግዳውና በደማቅ ቀለሙ፣ በጨለማ ሳሎንና በከባድ መጋረጃ ለኖረው የአገሩ ሰው አርአያ ሆነ። ሐኪሙ ለብርሃን፣ ሠዓሊው ለግድግዳ እንዲህ ሲጥሩ፣ ሁለቱ አንድ ነገር እንደሆኑ ያስተዋለ ገና ብዙ አልነበረም።

ከ1928 እስከ 1966 ዓ.ም፤ ኖራ፣ ጋዜጣና የትምህርት ቤት መስኮት

ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን ወደ ደሴ የሠሩት መንገድ በደብረ ብርሃን አልፎ፣ በጣርማ በር ተራራውን በዋሻ በስቶ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ አንኮበርን ወደ ጎን ትቷታል። ስለዚህ ከነጻነት በኋላ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ደብረ ብርሃን በቶሎ ሲደርሱ፣ አንኮበር በበቅሎና በጥቂት መኪና የመጣላትን ብቻ ታገኝ ነበር። ሆኖም የቤቱ ውስጥ መልክ ከስር መሠረቱ የተለወጠው በዚህ ዘመን ነው፤ ምክንያቱም ሙቀትና ብርሃን፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ጠላት ሆነው የኖሩት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታረቁ በቁ።

ዕርቁ የመጣው በብዙ ትናንሽ መንገዶች ነው። ምድጃው ከዋናው ቤት ወጥቶ ወደ ማድ ቤት ተዛወረ፤ የሰውነት ሙቀት ደግሞ ከምድጃው ይልቅ በልብስ ይጠበቅ ጀመር። ከመንዝ በግ ጠጉር የሚሠራው ባና፣ ጥቁሩም በርኖስ ከጥንትም ነበሩ፤ በደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ከተቋቋመ በኋላ ግን ብርድ ልብስ በየቤቱ ገባ። ጭሱ ከቤት በመውጣቱ የተቀባ ግድግዳ ዓመቱን ሙሉ ሳይጠቁር መክረም ቻለ። ኖራ ቀቢው ኖራውን በበርሜል ውኃ ያበርደዋል፣ እጅ ላይ እንዳይለቅ ጨው ጣል ያደርግበታል፣ ከዚያም በቃጫ ብሩሽ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይደጋግመዋል፤ ገና እርጥብ ሳለ ግራጫ ሆኖ ቅር ያሰኛል፣ ሲደርቅ ግን በረዶ ይመስላል። ኖራ ለመግዛት ያልቻለ ደግሞ ጋዜጣ ይለጥፍ ነበር። የአዲስ ዘመን ገጽ በስንዴ ዱቄት ሙጫ ከጭቃው ላይ ተለጥፎ አቧራውንም ነፋሱንም ይከለክላል፤ ክፍሉን ያበራል፤ ብዙ የገጠር ልጅም ፊደል ከመማሪያ መጽሐፍ በፊት ከግድግዳ ላይ ለምዷል። ከቆርቆሮው ጣራ ሥር አቡጀዴ ተወጥሮ ኖራ ሲቀባ ደግሞ ኮርኒስ ይሆናል፤ ይህ አንድ ጨርቅ ከላይ የሚወርደውን ብርድ ያግዳል፣ ከታች የሚወጣውን ብርሃን ይመልሳል። የመሐንዲስ ትምህርት ያልቀመሱ ሰዎች ያገኙት ይህ ብልሃት ሊመሰገን የሚገባው ነው።

ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ ሩቅ በፊንላንድ ሥነ ሕንፃ የሚሠራው አልቫር አልቶ በ1933 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በተፈጸመው የፓይሚዮ የሳንባ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ፣ በሽተኛው በጀርባው ተኝቶ ውሎ አድሮ የሚያየው ኮርኒሱን መሆኑን አስቦ፣ ኮርኒሱን ዓይን በማያደክም ጠቆር ያለ አረንጓዴ አስቀባ፤ መብራቱን ከሕሙሙ ዓይን አራቀ፤ ፀሐይ ለናፈቀው ሰውም ደረጃውን በቢጫ አለበሰ። ቀለምና መብራት ለመድኃኒት የሚታሰቡ መሆናቸው ከዚህ ወዲያ የሰሜን አገር የሕንፃ ትምህርት ክፍል ሆነ።

ትምህርቱም ወደ እኛ መጣ። በ1947 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ ተከፈተ፤ በ1950ዎቹ መገባደጃ ደግሞ በስዊድን መንግሥት እርዳታ በየገጠሩ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በብዛት ይሠሩ ጀመር። በታኅሣሥ የስድስት ሰዓት ቀን ብቻ ያለው ሕዝብ ስለ መስኮት የሚያውቀውን፣ የብርሃን ሀብታም ሆኖ በጨለማ ቤት ለሚኖር ሕዝብ አካፈለ ማለት ነው። ሰፋፊ መስኮትና ነጭ ግድግዳ ያለው ክፍል ውስጥ የተማረ የደጋ ልጅ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ አባቱን መስኮት ክፈትልን ብሎ መጠየቁ አልቀረም። የመብራት ኃይል በሕግ የተቋቋመው በ1948 ዓ.ም.፣ ታላቁ የቆቃ ግድብ ሥራ የጀመረው በ1952 ዓ.ም. ቢሆንም፣ በብዙ ባላገር ቤት ውስጥ መስኮት ከአምፖል ቀድሞ ገባ።

ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም፤ የማታው ትምህርት

ስለዚህ ዘመን የምናገረው ጥቂት ነው፤ በቤቱ አሠራር ላይ ያመጣው ለውጥ ትንሽ ነበርና። በ1971 ዓ.ም. የታወጀው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ግን ለመብራት አዲስ ተፈላጊነት ሰጠው፤ ቀን በእርሻ ላይ የዋለ ሽማግሌና አሮጊት ማታ ሀ ሁ የሚቆጥሩት በፋኖስ ዙሪያ ስለ ነበር፣ ዓይነ ደካማው ሁሉ ወደ ነጩ ግድግዳ ተጠግቶ ይቀመጥ ነበር።

ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ፤ ሐኪሞቹ የደረሱበት ነገር

ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስና፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 ኖርማን ሮዘንታልና ጓዶቹ በአሜሪካ፣ በየክረምቱ እየተመላለሰ የሚመጣ የሐዘንና የድካም ሕመም መኖሩን ጽፈው፣ በብርቱ መብራት እንደሚታከም አሳዩ፤ ዛሬ በሰሜን አገሮች ሕሙሙ ጧት ጧት ግማሽ ሰዓት ያህል በ10000 ሉክስ መብራት ፊት ይቀመጣል። በዚያው አቆጣጠር በ1998 ደግሞ ሜላኖፕሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ተገኘ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም ይህን የያዙት የዓይን ሕዋሳት ለማየት ሳይሆን ሰውነት መዓልትና ሌሊትን እንዲለይ የሚያገለግሉ መሆናቸው ታወቀ። ሕዋሳቱ የሚነቁት በሰማያዊው ብርሃን ነው። በስቶክሆልምና በኦስሎ የሚኖሩ ወገኖቻችን የሰሜኑን የክረምት ጨለማ በሰውነታቸው ያውቁታል፤ ጥቁር ቆዳ ከጥቂት ፀሐይ ቪታሚን ዲ ለመሥራት የበለጠ ጊዜ ስለሚፈልግ፣ ክረምቱ በእነሱ ላይ ይበረታል።

ከዚሁ ጋር የሚዛመድ ነገር በገዛ አገራችን ደጋ ነበር፤ ሕፃን ከብርድና ከምች ይጠበቅ ተብሎ በጨለማ ቤት ተጠቅልሎ ሲያድግ፣ ፀሐይ በሞላበት አገር አጥንቱ በቪታሚን ዲ እጥረት በሚመጣው በሪኬትስ ይጎብጥ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ባለሙያዎች ሲመድብ፣ ሕፃኑን ጧት ፀሐይ ማሞቅ፣ ከብቱን ከሰው መለየት፣ መስኮት መክፈትና ጭስ መቀነስ የዘወትር ምክራቸው ሆነ። ከዚያም የኤሌክትሪክ መስመር ወደ ገጠር እየተስፋፋ፣ መስመሩ ላልደረሰበትም የፀሐይ መብራት እየገባ፣ ኩራዝ ከብዙ ቤት ወጣ። አዲሶቹ አምፖሎች ብርሃናቸው ነጭና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ በመሆኑ ለጉም ቀን ይበጃሉ፤ ለመኝታ ሰዓት ግን ቢጫው ይሻላል፤ ይህንንም ሻጭም ገዢም ሊያውቁት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ዛሬ በአንኮበርና በደብረ ብርሃን የሚሠራ ቤት ሳሎኑ ሰፊ መስኮት አለው፤ ግድግዳው እስከ ወገብ በዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ በነጭ ይቀባል፤ ይህም መልካም ነው። ማድ ቤቱ ግን የአያቶቹ ቤት ሆኖ ቀርቷል። ከሳሎን የወጣው ጭስ ሁሉ ወደ እሱ ገብቶ፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ በጥቁር ግድግዳ መካከል፣ ሴቲቱ ልጅዋን አዝላ እንጀራ ትጋግራለች። ምርጥ የሚባለው ምድጃ ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል፤ ጭሱንም ይቀንሳል። ከበሩ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ኖራ መቀባትና ከጣራው ሥር አየር መውጫ መክፈት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሆኖም ለቤቱ ቀለም በሚወጣው ወጪ ውስጥ ማድ ቤቱ እስከ አሁን አልተቆጠረም።